እንቢ የሚል የጠፋበት ፊልም

ስሙኝማ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ፊልም ነው፤ ፊልሙ ስለሚናገረው ታሪክ ብቻ ሳይሆን እንዴት ተሠርቶ እንዴት እንደወደቀ። ቁጥር ይበዛበታልና እንዳትሰለቹብኝ። በዚህ ወግ ውስጥ ቁጥሩም እንደ ሰው ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ በመጨረሻም ሰው ይጥላል። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ኤፕሪል 9 ቀን 1979፣ ሎስ አንጀለስ። የኦስካር ሽልማት ምሽት። የዓመቱን ምርጥ ፊልም ሊያበስር ወደ መድረክ የወጣው ጆን ዌይን ነው፤ ካውቦይ ሲባል ለብዙው ዓለም ፊቱ ድቅን የሚልበት ያ ግዙፍ ሰው። ካንሰር አመንምኖታል፤ ከሁለት ወር በኋላ ይሞታል። ፖስታውን ከፈተና «ዘ ዲር ሃንተር» ብሎ ጠራ። ዳይሬክተሩ ማይክል ቺሚኖ ተነሣ። ዕድሜው 40፤ ፊልሙ ገና ሁለተኛው። የዚያን ምሽት ቺሚኖ ሁለት ሐውልት ይዞ ወጣ፣ አንዱን ለምርጥ ፊልም፣ አንዱን ለምርጥ ዳይሬክተርነት። ፊልሙ በጠቅላላው አምስት ወሰደ።

ይህችን ቀን ያዙልኝ። ልክ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 16፣ ያው ሰው ሞንታና ከተራራ ሥር ካሜራውን ተክሎ ሦስተኛ ፊልሙን መቅረጽ ጀመረ። የሚሠራውም የካውቦይ ፊልም ነው። ስሙ «ሄቨንስ ጌት»፤ እኛ «የሰማይ ደጅ» እንበለው።

ሽልማቱ ገና ትኩስ ነው። በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ «ይህ ነገር ይበዛል» ብሎ የሚናገረው ሰው ከየት ይመጣል? ወጌን ሁሉ የሚሸከመው ጥያቄ ይኼ ነው።

አሁን ወደ ደጋሹ ቤት ልውሰዳችሁ። ገንዘቡን የሚያወጣው ኩባንያ ዩናይትድ አርቲስትስ ይባላል። በ1919 ያቋቋሙት ቻርሊ ቻፕሊን፣ ሜሪ ፒክፎርድ፣ ዳግላስ ፌርባንክስና ዳይሬክተሩ ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ ናቸው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው የቤቱ ባለቤት እንዲሆኑ ብለው ነበር። በ1967 ግን ቤቱን ትራንስአሜሪካ የሚባል የኢንሹራንስና የገንዘብ ድርጅት ገዛው። ሥራውን የሚመሩት ግን የቀድሞዎቹ የፊልም ሰዎች ነበሩ፤ ሲመሩትም በተከታታይ ለሦስት ዓመት የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰዱ፦ በ1975 ፊልማቸው፣ በ1976ቱ፣ በ1977ቱ። ከዚያ ከባለቤቱ ጋር አልተስማሙም። በጃንዋሪ 1978 አምስቱ አለቆች ተነሥተው ወጡና ኦራየን የሚባል የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ስልሳ ሦስት የሆሊውድ ስመ ጥር ሰዎች በጋዜጣ ላይ ለትራንስአሜሪካ ግልጽ ደብዳቤ አወጡ። ይዘቱ ባጭሩ «ከባድ ስሕተት ሠርታችኋል» ነው።

እንግዲህ በዚያ ቤት ለቀሩት እዘኑላቸው። አንዲ አልቤክ የሚባል፣ በኩባንያው ውስጥ ለረጅም ዘመን የሥራ አመራሩን ሲያቀላጥፍ የኖረ ሰው ፕሬዚዳንት ሆነ። ስቲቨን ባክና ዴቪድ ፊልድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የፊልም ሥራውን ተረከቡ። ደጅ ሆኖ የሚያወራው ሁሉ «ቤቱ ኦና ሆኗል» ይላል። እነሱ ደግሞ ኦና አለመሆኑን የሚያሳይላቸው ትልቅ ስም ያስፈልጋቸዋል፤ በቶሎ። ቺሚኖ ሲመጣላቸው እንደ ስለት ሰሚ ነው የቆጠሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? መጀመሪያ የተነገረው በጀት 7.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቀረጻው ሲጀመር 11.6 ሚሊዮን ሆኗል። እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ውሉ ላይ ገባ። ኩባንያው ፊልሙን ለ1979 ገና ፈልጎታል። ስለዚህ ለገና ለማድረስ ሲባል የሚወጣ ተጨማሪ ገንዘብ ከበጀት እንደማለፍ እንዳይቆጠርበት ቺሚኖ ጠየቀ፤ ፈረሙለት። እስቲ ይህን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ለቤት ሠሪ «በቶሎ ለመጨረስ ብለህ የምታወጣውን አልቆጥርብህም» ብላችሁ እንደ መፈረም ነው። ገናው አለፈ፤ ፊልሙ አልደረሰም። ፊርማው ግን በቦታው ነበር።

ታሪኩስ ስለ ምን ነበር? በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ፊልሙ የተነሣበት ነገር ከንቱ አልነበረምና። በ1892 ዋዮሚንግ ውስጥ የከብት ባለጸጎች ማኅበር ነበር። ድሆች ሰፋሪዎች ከብት ይሰርቁናል ብለው ሃምሳ ያህል ታጣቂ አሰባሰቡ፤ ግማሽ ያህሉ ከቴክሳስ የተቀጠሩ ናቸው። የሚገደሉ ሰዎች ስም የተጻፈበት ዝርዝር ይዘው በባቡር ገቡ። ኔት ቻምፒየን የሚባለውን ሰው ጎጆው ውስጥ ከበው፣ በእሳት አስወጥተው ገደሉት። የገደሉት መቼ ነው? ኤፕሪል 9። ያቺው ቀን፣ ከኦስካሩ ምሽት 87 ዓመት ቀድማ። ከዚያ የአካባቢው ሕዝብ ነቅሎ ወጣና ገዳዮቹን በተራው ከበባቸው። ፕሬዚዳንት ሃሪሰን ፈረሰኛ ጦር ልከው አዳኑ፤ ያዳኑት ግን ሕዝቡን ሳይሆን ገዳዮቹን ነው። አንድም ሰው አልተፈረደበትም። ይህን ታሪክ ሊናገር የተነሣን ሰው እኔ አልነቅፍም። ልቡ የነደደለት ነገር ነበረው።

ወደ ሞንታና እንመለስ። ለቀረጻው የተገነባችው ከተማ መንገድ ተሠርቶ አለቀ። በግራም በቀኝም የእንጨት ቤቶች፣ ሱቅ፣ ሆቴል፤ ሁሉም በዘመኑ መልክ ተቀብቶ። ቺሚኖ መጥቶ መሐሉ ላይ ቆመና አየ። መንገዱ ጠቦበታል። ስድስት ጫማ መስፋት አለበት አለ፤ አንድ ሰው ሁለት ክንዱን ቢዘረጋ የሚሞላው ስፋት ነው። የግንባታው ኃላፊ ብልህ ሐሳብ አቀረበ፦ አንዱን ወገን ብቻ እናፍርስና ስድስት ጫማ ወደ ኋላ እናርቀው፤ የሚፈርሰው ግማሽ ነው፣ የሚወጣውም ግማሽ። ቺሚኖ አልተቀበለም። ሁለቱም ወገን ይፍረስ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጫማ ይራቅ። ሁለቱም ወገን ፈረሰ። ሁለቱም እንደገና ተሠራ።

እዚህ ጋ ያ አናጢ ይታየኛል። ትናንት በእጁ የመታውን ሚስማር ዛሬ በእጁ ሲነቅል። የሚነቅለውም የሚመታውም ተከፍሎት ነው፤ ምን ቸገረው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው እንዲህ ሲታዘዝ ውስጡ ምን እንደሚል አውቃለሁ። በዚያች ቀን እዚያ መንገድ ላይ የነበረ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ነገር ተማረ፦ እዚህ ቤት የሚቆጥር የለም።

ቀረጻው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ሥራው አምስት ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ስድስት ቀን ተለፍቶ የአንድ ቀን ሥራ ተሠራ። በየቀኑ የሚወጣው ደግሞ 200,000 ዶላር ገደማ። ዋናው ተዋናይ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ጅራፍ የሚያጮኽባት አንዲት አፍታ አለች፤ ከ50 ጊዜ በላይ ተቀረጸች ይባላል። የውጊያው ሜዳ ሣር አረንጓዴ እንዲሆን ከሥሩ የመስኖ ቧንቧ ተቀበረ። በመቶዎች የሚቆጠሩ አጃቢ ተዋንያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጫማ ላይ ጎማ ታስሮላቸው ስኬቲንግ ተማሩ፤ «የሰማይ ደጅ» የተባለው ፊልሙ ውስጥ ያለው የስኬቲንግ አዳራሽ ነውና። እንግሊዛዊው ተዋናይ ጆን ኸርት ተራው እስኪደርስ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ሄዶ «ዘ ኤለፋንት ማን» ላይ ሠርቶ ተመለሰ። ሌላ ፊልም ሙሉ ተሠርቶ እስኪመለስ ይኼኛው አላለቀም ነበር።

ፈረሶቹንም አልዘልም። በቀረጻው ላይ እንስሳት ተጎዱ፣ ሞቱም ተብሎ የአሜሪካ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር በየሲኒማ ቤቱ ደጅ ተቃውሞ አደረገ። ዛሬ በፊልም መጨረሻ ላይ «አንድም እንስሳ አልተጎዳም» የሚል ጽሑፍ ስታዩ፣ ማኅበሩ በቀረጻ ቦታ እየተገኘ እንዲከታተል ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ፊልም ነው። ስለ ገንዘቡ ብዙ ተጽፏል። ለእኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ይኼ ያንገበግበኛል።

የተቀረጸው ፊልም ርዝመቱ 1.3 ሚሊዮን ጫማ ደረሰ። በኪሎ ሜትር ሲመነዘር ወደ 400 ይጠጋል። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በመንገዱ ዳር ብትዘረጉት፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ ይደርሳል። ለተመልካች የቀረበው ግን ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማው ብቻ ነው። ሌላው መንገድ ዳር ቀረ።

«ታዲያ አለቆቹ የት ነበሩ?» አትሉኝም? ነበሩ። ሄደውም አዩ። ያዩትም ነገር አፋቸውን አስያዛቸው፤ ስላማረ። ቪልሞስ ዚግሞንድ የቀረጸው ተራራ፣ አቧራ ውስጥ የሚገባው የምሽት ብርሃን፣ ጢሱን እየቀደደ የሚመጣው ባቡር። ውበት ገንዘብ ጠባቂን እንዴት እንደሚያስር ከዚህ በላይ ምሳሌ አላውቅም። ሒሳብ ሊቆጣጠሩ ሄደው አድናቂ ሆነው ተመለሱ።

በዚያው በጋ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። «አፖካሊፕስ ናው» የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ፊልም ነው፤ ያከፋፈለውም ያው ዩናይትድ አርቲስትስ። በፊሊፒንስ ጫካ ውስጥ በጀቱን ከእጥፍ በላይ አልፎ፣ ቀረጻው ከዓመት በላይ ተጓትቶ፣ ጋዜጣው ሁሉ አበቃለት ብሎ ነበር። በኦገስት 1979 ሲኒማ ቤት ገባና ሰው ጎረፈ። ገንዘቡም ተመለሰ። እንግዲህ ቺሚኖን እናባርር፣ አናባርር እያሉ የሚያመነቱት ሰዎች ይህን በዓይናቸው አዩ። «ይኸው! እብድ የተባለው ሰው ወርቅ ይዞ መጣ» ለማለት የሚያበቃ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳቱ። ኮፖላ ከበጀቱ ላለፈው ገንዘብ ያስያዘው የራሱን ንብረት ነበር፤ ቤቱን፣ የወይን እርሻውን። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ የሚያጣው በራሱ ጣሪያ ነው። ከዓመታት በኋላ ጄምስ ካሜሮን «ታይታኒክ»ን ሲሠራ ወጪው 200 ሚሊዮን ደርሶ ሁሉም መውደቁን ሲጠብቅ፣ ካሜሮን የዳይሬክተርነት ክፍያውን ትቶ ነበር። ያም ፊልም ከአንድ ቢሊዮን በላይ አስገባ። እነዚህ ሰዎች ከቺሚኖ ያነሰ ግትር አልነበሩም። ነገር ግን ግትርነታቸውን ከራሳቸው ኪስ ይከፍሉበት ነበር፤ ከራሱ ኪስ የሚከፍል ሰው ደግሞ ሳያስበው ይቆጥራል። ቺሚኖን ውሉ ከመቁጠር አሳረፈው። ስለዚህ እኔ ጥፋቱን ከሰውየው ጠባይ ይልቅ ፊርማው ላይ ነው የማየው።

ወጪው 20 ሚሊዮን ሲሻገር፣ 30 ሲሻገር ለማቆም እየከበደ ሄደ እንጂ አልቀለለም። ቢያቆሙት ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ ይባላሉ። ዳይሬክተሩን ቢያባርሩ፣ ባለ ኦስካሩን አባረሩት ተብሎ ሌላ ዳይሬክተር ደጃቸውን አይረግጥም። ቢቀጥሉ ግን ምናልባት ይሳካ ይሆናል። አንድ ሚሊዮን ሲጨመር ያለፈውን ለማዳን ነው የሚጨመረው። አማርኛችን ለዚህ ነገር ቁልጭ ያለ ስም አለው፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ»። የገንዘብ ባለሙያዎች ብዙ ገጽ የሚጽፉበትን ነገር አያቶቻችን በሁለት ቃል ዘግተውታል።

የሚገርመው፣ ኩባንያው አምርሮ ገደብ ሲያበጅለት ቺሚኖ ፍጥነት ጨመረ። በጣም የሚወደው የመክፈቻ ትዕይንት ነበር፤ የሃርቫርድ ምሩቃን ዳንስ፣ በኋላ እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ሄዶ የቀረጸው። በሰዓቱ ካልጨረስክ እሱን አታገኘውም ሲባል ሥራው ተቀላጠፈ። «እንቢ» ሠርታ ነበር ማለት ነው። ዘግይታ መጣች እንጂ።

እስከዚያው ወሬው ቀድሞ ወጥቷል። ቺሚኖ ጋዜጠኛ ወደ ቀረጻው ቦታ ድርሽ እንዳይል ከልክሎ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ ታዲያ አጃቢ ተዋናይ ሆኖ ተቀጠረና ያየውን ሁሉ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ስለዚህ ፊልም የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ስንት እንደፈጀ። ኔት ቻምፒየን ማን እንደነበረ፣ ሰፋሪዎቹ ለምን እንደሞቱ ማንም አላወቀም። ተመልካች ፊልም ሊያይ መሄዱ ቀርቶ ሒሳብ ሊመረምር ሄደ።

አሁን ቁጭ ብለን እናስላ። ምርትና ማስታወቂያ ተደምሮ ፊልሙ 44 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ። በ1980 አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሲኒማ ትኬት አማካይ ዋጋ 2 ዶላር ከ70 ሳንቲም ግድም ነበር። ከዚያ ላይ ግማሽ ያህሉን ሲኒማ ቤቱ ይወስዳል፤ ለኩባንያው የሚደርሰው ከአንድ ሰው 1 ዶላር ከ35 ነው እንበል። 44 ሚሊዮኑን በዚህ ስናካፍለው ከ32 ሚሊዮን በላይ ሰው ይወጣል። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕዝብ 226 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ከሰባት አሜሪካዊ አንዱ፣ ጨቅላውም አዛውንቱም ተቆጥሮ፣ ትኬት መግዛት ነበረበት፤ ያውም ለማትረፍ ሳይሆን ላለመክሰር። በ11.6 ሚሊዮኑ ቢሠራ ግን ከዚያ ሩብ ያህል ሰው ይበቃው ነበር። መካከለኛ ተመልካች ያለው፣ ከባድና ያዘነ ታሪክ የሚናገር ፊልም የሩቡን ሰው ሊያገኝ ይችላል፤ ሰባት ሰው ቆጥሮ አንዱን ግን አያገኝም። ትልልቅ ፊልሞች ሲወድቁ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኼ ነው። የፊልሙ ጥሪ ለአንድ መንደር ነው፤ የተጣለው ድንኳን ለአገር።

ርዝመቱን ደግሞ ጨምሩበት። በጁን 1980 ቺሚኖ ለአለቆቹ ያሳየው ቅጂ 5 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነበር። የውጊያው ክፍል ብቻውን የአንድ ፊልም ያህል ይረዝማል። ምናልባት 15 ደቂቃ እቀንስለታለሁ አላቸው። ተለምኖ፣ ተገፍቶ ወደ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ወረደ። እሱም ቢሆን ሲኒማ ቤቱ በቀን አምስት ጊዜ ማሳየት ሲችል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ያሳያል ማለት ነው። ወንበሩ ሞልቶ እንኳ ገቢው ግማሽ ይሆናል።

ኖቬምበር 18 ቀን 1980፣ ኒውዮርክ። የምረቃው ምሽት። አለቆቹ ሙሉውን ፊልም ተጠናቆ የሚያዩት ከእንግዶቹ ጋር እኩል ነው፤ ቺሚኖ እስከ መጨረሻው ሰዓት ከእጁ አላወጣውም ነበር። መብራት ጠፋ። አንድ ሰዓት ሄደ፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። ምስሉ ያምራል፣ ግን አቧራና ጢሱ ሰውን ከሰው አያስለይም፤ የሚናገሩትም በጫጫታ ተውጦ አይሰማም። ዕረፍት ሆነ። ሻምፓኝ ተቀድቶ ቀርቧል። እንግዳው ወጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ብርጭቆው እንደተደረደረ ቀረ። ደግሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ እንግዳ ከተቀመጠለት ሳይቀምስ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልገውም።

በማግስቱ የኒውዮርክ ታይምሱ ቪንሰንት ካንቢ ምንም ሳያለዝብ ፊልሙ ከናካቴው ጥፋት ነው ብሎ ጻፈ። ሌሎቹም ተከተሉት። ቺሚኖ ራሱ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት እንዲነሣና እንደገና እንዲቆርጠው የሚጠይቅ ደብዳቤ አወጣ። ተነሣ። በኤፕሪል 1981 ወደ 2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ አጥሮ በ810 ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያስገባው 1.3 ሚሊዮን ዶላር ነው። በትኬት ሲቆጠር አንድ ሲኒማ ቤት በሦስት ቀን 600 ሰው እንኳ አልገባለትም። በአንድ ማሳያ ሃምሳ ሰው ቢኖር ነው፤ በዚያ ሁሉ ወንበር መሐል። በጠቅላላው የተለቀመው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ቀረ።

ብዙ ሰው «ፊልሙ ኩባንያውን አከሰረው» ይላል። እኔ እንዲያ አልልም። ትራንስአሜሪካ በ44 ሚሊዮን የሚፈርስ ቤት አልነበረም። የከበደው ሐፍረቱ ነው። የኢንሹራንስ ሰዎች በየጋዜጣው መሳቂያ መሆን አልፈለጉም። በ1981 ዩናይትድ አርቲስትስን ለኤም.ጂ.ኤም. በ380 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። ቻፕሊንና ጓደኞቹ የመሠረቱት ቤት በ62 ዓመቱ በሰው ቤት ጥገኛ ሆነ። ስቲቨን ባክ ከሥራው ተሰናብቶ ሁሉንም በ1985 በመጽሐፍ ጻፈው፤ የራሱንም ድርሻ አልደበቀም። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ በሆሊውድ ለዳይሬክተር የነበረው እምነት ጠበበ። ቺሚኖን ያልመሰሉ፣ በበጀታቸው የሚሠሩ፣ ነገር ግን ከባድ ታሪክ መናገር የሚፈልጉ ሰዎች በየቢሮው «ሌላ ሄቨንስ ጌት ልታመጣብን ነው?» እየተባሉ ተመለሱ። ቅጣቱ ያላጠፉት ላይ አረፈ። እዚህ ላይ ነው እኔ የምቆጣው።

እንዲህ ያለ ውድቀት ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነ። ከእሱ በፊት «ክሊዮፓትራ» ነበረች። በሁለት ሚሊዮን ልትሠራ ታስባ፣ ለንደን ላይ ተጀምራ፣ ዋናዋ ተዋናይ ኤልዛቤት ቴይለር በጠና ታማ፣ ዳይሬክተር ተቀይሮ፣ ሮም ላይ ከባዶ እንደገና ተሠርታ በ1963 ስትወጣ 40 ሚሊዮን አልፋለች። በዚያ ዓመት ከእሷ የበለጠ የታየ ፊልም የለም፤ ሆኖም ገንዘቧን ለመመለስ ዓመታት ፈጀባት። በዚያው የጭንቅ ዘመን ፊልሟን የሠራው ኩባንያ ፎክስ የሎስ አንጀለስ መሬቱን ሸጠ፤ ዛሬ ሴንቸሪ ሲቲ የሚባለው የፎቅ ሰፈር የቆመው እዚያ ላይ ነው። በ2012 ደግሞ ዲዝኒ «ጆን ካርተር»ን አወጣ። ዳይሬክተሩ አንድሩ ስታንተን በአኒሜሽን ሁለት ኦስካር ያገኘ፣ ካሜራ ፊት ከሚቆሙ ተዋንያን ጋር ግን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ኩባንያው 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያጣ ራሱ አስታወቀ፤ የስቱዲዮው አለቃም በወሩ ሥራውን ለቀቀ። እዚያም ሽልማት ከፊት ቆሞ ነበር። ባለ ሽልማት ሰውን ማን ይጠይቀዋል?

የፊልሙ መጨረሻ ግን እዚያ አይደለም። በ1982 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያለ አንድ የኬብል ቴሌቪዥን ረጅሙን ቅጂ አሳየው፤ ሰዎች ቤታቸው ሆነው አዩት። በ2012 ታድሶ፣ 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ሆኖ በቬኒስ ፌስቲቫል ቀረበ። ቺሚኖ 73 ዓመቱ ነበር፤ ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ አረፈ። ዛሬ ብዙዎች ድንቅ ሥራ ነው ይሉታል፣ ሌሎች አሁንም አይቀበሉትም። እኔ ሦስቱን ሰዓት ከነምናምኑ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ያንቀላፋሁበትም ያለቀስኩበትም ቦታ አለ።

አንዱን ቦታ ልንገራችሁ። የስኬቲንግ አዳራሹ ነው፣ የሰማይ ደጅ። አንድ ወጣት ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አድርጎ፣ እግሩ ላይ ጎማ አስሮ፣ እየተጫወተ ወለሉን ይዞራል። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ ከዚያ ሰፋሪዎቹ ጮኸው ይገባሉ። አሮጊቱ፣ ሕፃኑ፣ ጢማሙ ገበሬ፣ ሁሉም ጫማው ላይ ጎማ አስሮ፤ የሚገደሉት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ይወጣሉ። ክሪስቶፈርሰንና ተዋናይቷ ኢዛቤል ዩፔር ብቻ ይቀራሉ። አዳራሹ ባዶ ነው። ሙዚቀኞቹ ግን መጫወታቸውን አላቆሙም፤ ሁለቱ በዚያ ሰፊ ወለል ላይ ቀስ ብለው ይዞራሉ።